በአራት ሴኮንድ ስለተጻፈው የተራ መዝገብ

ለተከበራችሁ የማዕቀፉ ጠባቂዎች ጉባኤ አባላት በሙሉ፤

በያላችሁበት ጤናችሁ የተሟላ፣ ወገባችሁ ከወንበር፣ ዓይናችሁም ከስክሪን የማይጣላ ይሁን እያልኩ ከታላቅ አክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ማዕቀፋችሁን ከሚጠቀሙት እልፍ ሰዎች አንዷ ስሆን፣ በአንድ የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባሌ የሞተብኝ፣ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ለብቻዬ ከመጽሐፍ የለቀምኩ ሴት ነኝ። ይህን መናገሬ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን፣ ባለፈው ወር ለላክሁላችሁ ሐሳብ «እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ጀማሪ ብቻ ነው» ብላችሁ ስትመልሱልኝ ምን ያህል ልክ እንደነበራችሁ ለመመስከር ነው።

ይህ ለሕዝብ የሚወጣ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ኮድ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ አንባቢም እንዳይቸገር ሥራችሁን በአጭሩ ልግለጽ። እናንተ የዌብ መተግበሪያ የሚሠራበትን ማዕቀፍ ታዘጋጃላችሁ፤ ከማዕቀፉ ጋርም ኮድ አመንጪ የምትሉትን መሣሪያ ትሰጡናላችሁ። አንድ ሰው የተረኞች መዝገብ ፈልጎ፣ ስምና ቀን ልኬትም ይኑረው ብሎ አንዲት መስመር ትእዛዝ ሲጽፍ፣ አመንጪው ዝርዝሩ የሚታይበትን፣ አዲስ ሰው የሚመዘገብበትን፣ የተመዘገበው የሚታረምበትንና የሚሰረዝበትን ሁሉ ራሱ ጽፎ በአራት ሴኮንድ ያስረክባል። ባለሙያ ይህን እንደ መነሻ ወስዶ ያሻሽለዋል። እንደኔ ያለው ሰው ግን እንዳለ ይወስደዋል። ለአዲሱ እትማችሁ አመንጪውን እንዴት እናሻሽለው ብላችሁ ሕዝቡን በመጠየቃችሁ፣ እኔም ምስጋናዬንና ጥቂት ስሞታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማሻሻያዎቹ። በአዲሱ እትም የሚለወጡትን ነገሮች ዝርዝር በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሣጥኖቹ ማዕዘን ከሹልነት ወደ ክብነት እንደሚለወጥ፣ የርእሱ ሰማያዊ ቀለም ዓይን በማይወጋ ሰማያዊ እንደሚተካ፣ አመንጪውም ሥራውን ከአራት ሴኮንድ ወደ ሦስት እንደሚያወርደው ተረድቻለሁ። በአራት ሴኮንድ ውስጥ ያደረስኩትን ጥፋት ለማውቀው ለእኔ፣ የተረፈችው አንዲት ሴኮንድ ለምን እንደምትውል ማሰቡ ራሱ እንቅልፍ የሚነሳ በረከት ሆኖብኛል።

ሁለተኛ፤ «ሰርዝ» ስለምትለው ቃል። ከእናንተው መጽሐፍ እንደተማርኩት፣ በዌብ ዓለም ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የሚያቀርበው ጥያቄ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «አሳየኝ»፣ ሌላው «አድርግልኝ»። ሲነኩት ሌላ ገጽ የሚከፍተው፣ ሊንክ የተባለው ነገር የ«አሳየኝ» ወገን ስለሆነ ማንም ቢከፍተው ጉዳት አያመጣም ተብሎ ይታመናል። አመንጪያችሁ ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም ዛሬም «ሰርዝ» የምትለዋን ቃል በእያንዳንዱ ሰው ስም ትይዩ ተራ ሊንክ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ ስትታይ «አሳየኝ» የምትል፣ ስትከፈት የምታጠፋ። ይህች ትንሽ ነገር በእኛ ቤት ምን እንደሠራች እንድነግራችሁ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ወርክሾፓችን ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል፤ በሁለተኛው በጀሶ ልኬት ይወሰዳል፤ በሦስተኛው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እግር ይቀርጻል። የቀረጻቸው የእግር መዳፎች እንደ ጫማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ይደርቃሉ። እኔ በጽዳት ሠራተኝነት ገብቼ፣ የጀሶውን ዱቄት ስጠርግ የከረጢቱን ጽሑፍ እያነበብኩ፣ የተጣለ ማንዋል እያነሳሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ መዝገብ ክፍል የተሻገርኩ ነኝ። አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ፤ ከእነሱም ጋር የእናንተ ወፍራም መጽሐፍ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አምስት ወር አነበብኩት። ከዚያም ትእዛዙን ጻፍኩ፤ መዝገቡ ወጣ።

የተረኞቹን ተራ የምትጽፈው ሠራተኛ ያኔ ወጣት ሴት ነበረች። ለጠየቃት ሁሉ «አንድ ደቂቃ» ብላ ስለምትመልስ ስሟ ተረስቶ ሁላችንም «ደቂቃ» ነበር የምንላት። ተረኞቹም ያንቺ ደቂቃ ስንት ወር ነው እያሉ ይተርቧት ነበር፤ እሷም እግር እስኪያበቅሉ ድረስ ነው ብላ ታስቃቸው ነበር። የሁሉንም ተራ በቃሏ ታውቃለች፤ በወረቀት መዝገቧም ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ያን የወረቀት መዝገብ ከእጇ ተቀብዬ ወደ ዕቃ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በሲስተም ነው አልኳት። እንደ ታላቅ እህቷ ስለምታየኝ እሺ አለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኢንተርኔቱ አዘገመብኝ ብላ ስላመለከተች፣ የጥገና ባለሙያው በእሷ ኮምፒውተር ላይ ማፋጠኛ የሚባል ፕሮግራም ጫነላት። ማፋጠኛው ቀና ልብ ያለው ፍጥረት ነው፤ ሰው አንዱን ገጽ ሲያነብ እሱ ከበስተጀርባ በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ሁሉ አስቀድሞ እየከፈተ ያዘጋጃል። አመንጪያችሁ በቸርነቱ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ተረኞች በአንድ ገጽ ደርድሮላታል፤ በእያንዳንዱም ስም ትይዩ «ሰርዝ» አለች። ደቂቃ ጠዋት ገብታ፣ ኪቦርዱ ላይ ያደረውን ጀሶ እፍ ብላ፣ ዝርዝሩን ከፈተች። ማፋጠኛው በሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ሁሉንም ከፈተላት። ገጹን እንደገና ስታየው ባዶ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ትሕትናችሁ። አመንጪው «ሰርዝ» ለሚነካ ሰው ሁሉ «እርግጠኛ ነዎት?» የምትል ጥያቄ እንዲያቀርብ አድርጋችኋል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥያቄዋ ለሰው እንጂ ለፕሮግራም አትታይም፤ ማፋጠኛው ሳያያት አልፏል። ሥራ አስኪያጃችን ግን አይተዋታል። አንዲት ሠራተኛ «እርግጠኛ ነዎት?» ተብላ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ «አዎ» ካለች ይህ ስህተት ሳይሆን ክፋት ነው አሉ። በእሷ ኮምፒውተር፣ በእሷ የይለፍ ቃል፣ ከእሷ በቀር ማንም ባልነበረበት ክፍል የተደረገ ነው። የእናንተ ትሕትና ባይኖር ኖሮ ምናልባት እጇ አዳልጧት ነው ተብላ ትታለፍ ነበር።

መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም፤ እሱ የኔ ጥፋት ስለሆነ በስሞታ ቁጥር አላስገባሁትም። ሰዎቹ ሁሉ እንደ አዲስ ተጠሩ። ተራው ሊደርሰው ሁለት ሰው ብቻ ይቀድመው የነበረ አንድ ግንበኛ፣ ስልኩ ስለጠፋ ጥሪው ሳይደርሰው ቀርቶ መጨረሻ ላይ ተሰለፈ፤ ሌላ ስምንት ወር በክራንች ሄደ። መጨረሻ መሆኑን የሰማ ዕለት ክራንቹን በደቂቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይጮህ፣ «ይህንን አንቺ ያዥልኝ» እንዳላት ሰምቻለሁ። ያን ቀን «አንድ ደቂቃ» አላለችም።

አራተኛ፤ ስለ መጽሐፋችሁ ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። እዚያ ገጽ ግርጌ፣ ከሌላው ፊደል ባነሰ ፊደል፣ ለሕዝብ አገልግሎት በሚውል ሥራ ላይ የመሰረዣውን ሊንክ በ«አድርግልኝ» ቁልፍ መተካት ይመከራል የሚል ማሳሰቢያ አለ። ማሳሰቢያውን ያገኘሁት መዝገቡ በጠፋ በስምንተኛው ቀን ነው። የራሴን ፕሮግራም ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር በመስመር ሳነብ፣ የሆነውን ነገር ሁሉ ተረዳሁ። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ከምሳ በኋላ አስተካከልኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ከገጹ ራስጌ ይልቅ ግርጌ ማስፈራችሁ፣ አንባቢያችሁ እስከ መጨረሻ የሚያነብ ትጉህ መሆኑን ስለምታምኑ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ስለተጣለብኝ እምነትም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ስሞታዬ ወደ አምስተኛው ማለፍ ነበረበት። አምስተኛው፣ ለላክሁላችሁ ሐሳብ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ «ታስቦበት የተደረገ ነው» ብላችሁ ስለመዝጋታችሁ፣ ደግሞም ቢያንስ ጉድለቱ ከአመንጪው መሆኑን የሚገልጽ አንዲት ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ ብለምናችሁ «አመንጪው ለተጠቃሚ ሥራ ኃላፊነት አይወስድም» ስለማለታችሁ ነበር። አዘጋጅቼው ነበር፤ ስለታም ነበር፤ በሁለት ቦታም ራሴን አስቆኛል። ነገር ግን በእርሳስ ጽፌ ስጨርስ፣ በአገራችን አባባል አህያውን ፈርታ ዳውላውን የምትደበድብ ሴት ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የቀረውን እንዲሁ እናገራለሁ።

ያንን አንድ መስመር ባስተካከልኩ ቀን ደቂቃ ገና አልተባረረችም ነበር። ጉዳይዋን የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ የተቀመጠው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኔም በባለሙያነት ተጠርቼ ነበር። በልኬት ክፍሉ ውስጥ፣ ጀሶ በነካቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ እሷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙ ራሱ ሊሰርዝ ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩ፤ «ሲስተሙ ያዘዙትን ነው የሚሠራው።»

ቃሉ ውሸት የለበትም። ማንኛችሁም ብትጠየቁ ከዚህ የተሻለ አትመልሱም ነበር። ደቂቃ ግን የማውቀውን ሁሉ እንደምታውቅ ሆና አየችኝ፤ ከዚያም ወለሉን አየች።

ለምን ዝም አልኩ? ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ማንም ያምነኝ ነበር። እውነቱ ያነሰ ነው። ያን መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ተናግሬ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ኢንጂነር» ብለውኛል፤ ባለቤቴም ያን ዕለት ለእያንዳንዱ ተረኛ፣ መጥረጊያ ይዛ ገብታ ኮምፒውተር ይዛ ወጣች እያለ ሲያወራ ውሏል። «ሰርዝ»ን ሊንክ ያደረጋት አመንጪው ነው ለማለት፣ መዝገቡን የጻፈው አመንጪው ነው ማለት ነበረብኝ። አምስት ወር ያነበብኩት እውነት ነው፤ የተጻፈው ግን በአራት ሴኮንድ ነው። የአንዲት ልጅ ስም ከእኔ «ኢንጂነር» ጋር በሚዛን ተቀመጠ፤ እኔም «ኢንጂነር»ን መረጥኩ። የስንብት ደብዳቤዋ ላይ «ሆን ብላ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ያጠፋች» ተብሎ ተጻፈ። ይህን ይዛ የሄደችበት መሥሪያ ቤት ሁሉ መዝገብ እንድትነካ አልፈቀደላትም። ዛሬ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ትኖራለች።

ባለቤቴ ብዙ የማይጠይቅ ሰው ነበር። ያን ሰሞን አንድ ቀን ብቻ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «በሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ አዎ የሚል ሰው የት ነው ያለው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት። ውሃውን ዘጋ። የግንበኛውን እግር በመጨረሻ ሲቀርጽ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀበት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። ለቅሶው ላይ ሰዎች ይህን ያህል ዓመት ክፉ ቃል ሳትነጋገሩ ኖራችሁ ብለው አመሰገኑኝ። እውነት ነው፤ አልተነጋገርንም።

እንግዲህ አሁን ለምን ጻፍሽ ትሉኝ እንደሆነ፦ ከአምስት ሳምንት በፊት ከአንድ ጤና ጣቢያ አንዲት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰች። ደቂቃ ለካርድ ክፍል ሥራ አመልክታለች። ጤና ጣቢያው ሊቀጥራት ይፈልጋል፤ የቀረው የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የተሰናበተችበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ብቻ ነው። የማረጋግጠው እኔ ነኝ፤ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ። ቅጿ ላይ ያለው ቦታ ሁለት መስመር ነው።

ያን ጊዜ ነው ወደ እናንተ የሮጥኩት። እናንተ የእኛ ነው ብትሉ፣ የእናንተን ወረቀት ከቅጿ ጋር አያይዤ፣ የኔ ስም ሳይነሳ ደቂቃ ነጻ ትወጣለች ብዬ አሰላሁ። የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስለው ሴት ከእኔ በላይ አትገኝም። ስለዚህ ደብዳቤውን ስለከለከላችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስላቅ የሌለበት ምስጋና ይኸው አንዱ ነው። ሰጥታችሁኝ ቢሆን ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ እናንተ የጻፋችሁትን በራሴ ቃል ምትክ አስገባ ነበር።

ባለፈው ሰኞ በሁለቱ መስመሮች ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሠራተኛዋ መረጃ አላጠፋችም፤ መረጃው የጠፋው እኔ ሳላነብ ሥራ ላይ ባዋልኩት ፕሮግራም ጉድለት ነው፤ ይህንንም ከስንብቷ በፊት አውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለፊርማ ሲቀርብላቸው አስጠሩኝ። አንብበውት፣ ለምን ራሴን እንደማስገባ ጠየቁኝ፤ የቴክኒክ ችግር ነው ብዬ ብጽፈው እሷም ትድናለች፣ እኔም አልነካም አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም ያኔ የፈረሙት ፊርማ አለባቸው። «የቴክኒክ ችግር» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ክብ ማዕዘን እንዳላት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለአንድ አፍታም በእጄ ዳሰስኳት። ከዚያ «ጌታዬ፣ ችግሩ የቴክኒክ የነበረው ለስምንት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ተላከ። በእኔ ላይ ምን እንደሚወሰን ገና አልተነገረኝም፤ ጠረጴዛዬን ግን አጽድቻለሁ፣ የጽዳት ሥራ አልረሳሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ግን ማደር አይደለም፤ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ጨለማውን ይዞት ነው። የእኔን በር የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። የእናንተን ግን፣ እጅግ የተከበራችሁ ሆይ፣ በአንድ መስመር ልትከፍቱት ትችላላችሁ፤ «ሰርዝ»ን ተጠቃሚው ሳያስተካክላት «አድርግልኝ» ሆና እንድትወለድ አድርጓት። አንባቢዎቻችሁ በአብዛኛው እንደኔ ናቸው። እንዳለ እንወስደዋለን፤ ከዚያም የኛ ነው እንላለን።

ማዕዘኖቻችሁ ይክበቡ፤ ሰማያዊያችሁ ይረጋ፤ ሴኮንዶቻችሁ ይባረኩ። በማይናወጥ አክብሮትና ከዳር በማይደርስ ምስጋና፤

አመንጪያችሁ የጻፈውን በስሟ ስታስጠራ የኖረች፣
የእግር ቀራጩ ሚስት የነበረች፣
እስከዚህ ሳምንት ድረስ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ወስጄ ለደቂቃ አሳየኋት፤ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ሳታየው ሰው ፊት እንዳይቀርብ ብዬ። ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣ የተረኛ ስም ስትፈልግ እንደምታደርገው በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ጣቷ ኮሚቴው የተቀመጠው «ከሦስት ቀን በኋላ» ነው በሚለው ላይ ቆሞ ብዙ ቆየ። ስትጨርስ ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰችልኝና፣ «ለማያውቁሽ ሰዎች ይህን ሁሉ ጽፈሻል» አለችኝ። «ለእኔ አንድ መስመር ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ?»

ግቢ አላለችኝም፤ በሩንም አልዘጋችብኝም። ስለዚህ የተከበረው ጉባኤ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለማዘጋጀት እንዳይደክም በትሕትና አሳስባለሁ። ለእሷ ሌላ ጽፌያለሁ፤ እሱ ግልጽ ደብዳቤ አይደለም፤ መልስ የምጠብቀውም ከእሷ ነው። እስካሁን አልመለሰችልኝም።